ክንዱ ይግባ ወይስ ይውጣ?

ጥቅምት ፭

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

ጋሼ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ከእግር እስከ ራስ እጅ ነሥቼ እንዴት ሰነበቱ እላለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ብደውልልዎ በቀለለኝ ነበር፤ ግን መጋዙ ጆሮዎን ከወሰደው ወዲህ በስልክ ስናወራ ጎረቤቶቼ ከሰው የተጣላሁ እየመሰላቸው በር ያንኳኳሉ። ስለዚህ ያው እንደ ድሮው በወረቀት ይሻለናል።

የምነግርዎ ደስ የሚል ወሬ አለኝ። እዚህ በሰው አገር መሥሪያ ቤቴ ለሕዝብ ተቋማት መመሪያ እንደሚያረቅ ያውቃሉ። ማን በምን ቃል እንደሚጠራ፣ ግድግዳ ላይ ምን እንደሚሰቀልና እንደማይሰቀል፣ ባለጉዳይ ምን እንደሚጠየቅ እንጽፋለን። አሁን ደግሞ እናንተ ጋ ያለው ሚኒስቴር ተመሳሳይ መመሪያ እያዘጋጀ ኖሮ፣ «የአገር ልጅ ነሽ፣ እስቲ እይልን» ብሎ ረቂቁን ላከልኝ። ኩራቴን አይጠይቁኝ። አለቃዬ ሁለት ጊዜ ስሜን ጠርቶ አመሰገነኝ።

ረቂቁ ሃይማኖታዊ ምልክቶች ሁሉ ከመንግሥት ግድግዳ ይውረዱ ይላል። በዚያ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ከራሴ ጨመርኩበት፤ «ማንኛውም ሠራተኛ የባለጉዳይን ሃይማኖት በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ አይጠይቅም» የሚል። ስጽፈው ዓይኔ ላይ የነበረችው እማዬ ናት። ሆስፒታሉ ውስጥ ቤተሰብ ሟቹን ለመጨረሻ ጊዜ የሚያይበትን የስንብት ክፍል ስትወለውል፣ አባዬ ነፍሱን ይማረውና የሠራው ያ ትልቅ መስቀል ከራሷ በላይ ተሰቅሎ። እሷ ሙስሊም፣ ግድግዳው ክርስቲያን። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ በበሩ አጮልቄ አያት ነበር። ቅር ብሏት እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም ነግራኝ አታውቅም። ቢያንስ አሁን እኔ መለስኩላት ብዬ ተጽናናሁ።

ያዘዙኝን የንባብ መነፅር ልኬያለሁ። የእማዬ ሳል እንዴት ሆነ? በደወልኩ ቁጥር «ሰው መጣብኝ» እያለች ትዘጋዋለች። ይህን ሁሉ ሰው ከየት እንደምታመጣው እንጃ።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ

•

ታኅሣሥ ፲፪

ይድረስ ለልጄ፣ ለአፈ ጉባኤዋ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ የሰው አገር አየር ይስማማሽ፤ ክፉ ዓይን አይይሽ። መልሴ በመዘግየቱ አትቀየሚኝ። መነፅሩ ደርሶኛል። ዓይኔ ላይ ሳደርገው መጀመሪያ ያየሁት የገዛ ሥራዬን ነው። ይኼን ሁሉ ዘመን እንዲህ ሸካራ በር ስገጥም ኖሬያለሁ እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ሰው ነግሮኝ አያውቅም፤ ይሉኝታ ይሆናል።

መመሪያው እኛም ዘንድ ደረሰ። አስተዳዳሪው ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ አነበበልን። አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አንዳንዱ ዘግይቷል እንጂ መልካም ነው አለ፣ የበዛው ሰው ሰዓቱን አየ። የሚወርደውን የማወርደው እኔ ነኝ፤ ያው የሆስፒታሉ አናጢ መሰላሉም መዶሻውም የእኔ ነው። ከመዝገብ ቤት የማርያምን ሥዕል፣ ከልብ ሐኪሙ ክፍል በመስታወት የተገጠመ የቁርዓን ጥቅስ አወረድኩ። ሁሉም ለየባለቤቱ ተመለሰለት። የልብ ሐኪሙ ተቀብሎኝ ደረቱ ላይ እንዳስደገፈው ቆሞ ቀረ፤ የሚያኖርበት ቦታ የጠፋው ይመስል ነበር።

የስንብት ክፍሉን መጨረሻ ላይ አደረግኩት። ቁልፉ ከአባትሽ በኋላ እኔ ዘንድ ነውና ማንም አልቸኮለብኝም። ሁለቱንም ቁራጭ አውርጄ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ወርክሾፔ ውስጥ አቆምኩት። ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኜ ግድግዳውን ቀለም ቀባሁት። ሲደርቅ ምልክቱ ተመልሶ መጣ። ደግሜ ቀባሁት፤ ተመልሶ መጣ። ቋሚው ጎልቶ ይታያል፣ ክንዱ ደብዘዝ ብሎ። ቀለም ቀቢያችን «አሮጌ ግድግዳ የጠጣውን አይረሳም» ብሎ ሄደ። እኔም ብቻዬን ስሆን ወደዚያ ክፍል መግባት ቀንሻለሁ። የምፈራው ነገር ኖሮ አይደለም፤ እንዲሁ።

እናትሽ ደህና ናት። ምግብ ትንሽ ቀነሰች እንጂ ሌላ ምንም የለባትም። ሞቅ ያለ ካልሲ ብትልኪላት ደስ ይላታል።

አጎትሽ

•

ታኅሣሥ ፳፰

ይድረስ ለውድ አጎቴ፣

ጋሼ፣ ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይጥፋ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ሁለት ቦታ ላይ ግን አላልፍ አለኝ።

አንደኛው «ሁለቱንም ቁራጭ» ያሉት ነው። ለምን ሁለት ቁራጭ ሆነ? ሲያወርዱት ተሰበረ? ወይስ በመጋዝ ቆረጡት? ከተሰበረም ይሰበር፤ ለእኔ ይላኩልኝ። እዚህ ቤቴ ውስጥ የፈለግኩትን ብሰቅል የሚከለክለኝ የለም። የአባዬ እጅ የነካው ነገር ወርክሾፕ ጥግ ቆሞ ከሚቀር እኔ ዘንድ ይሁን።

ሁለተኛው ካልሲው ነው። እማዬ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሯ ቆማ ስትወለውል የኖረች ሴት ናት፤ በርዶኝ ብላ አታውቅም። ካልሲ የሚፈልግ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ነው። ካልሲውን ልኬያለሁ። እርስዎ ግን «ደህና ናት» ያሉትን ቃል መነፅርዎን አድርገው እንደገና ይጻፉልኝ።

እዚህ ሥራው እንደተለመደው ነው። ትናንት «ሬሳ» የሚለውን ቃል በምን እንተካው ስንባባል ዋልን። አንዱ «ያረፈ ወገን» ይሁን አለ። አንዷ ደግሞ «ማረፉን በምን አረጋገጥን?» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ አባዬ ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ፤ እሱን እዚያው ክፍል ሲሰናበቱት እኔ አልነበርኩም። የስብሰባ አዳራሻችን ግድግዳ ንጹሕ ነጭ ነው፤ ምንም ተሰቅሎበት አያውቅም። ሰሞኑን ግን ሰው ሲናገር እየሰማሁ ዓይኔ አንድ ቦታ ላይ ይቀርብኛል፤ የሆነ ነገር ተሰቅሎ የወረደበት ይመስለኛል። የእርስዎ ደብዳቤ ነው ይህን ያመጣብኝ።

የወንድምዎ ልጅ

•

የካቲት ፱

ይድረስ ለልጄ፣

እግዜር ትዕግሥቱን ይስጥሽ። ዘገየሁ። ስጀምረው ስተወው ነው የከረምኩት፤ ሲያቅተኝ በር እገጥማለሁ። አሁን የሆስፒታሉ በር ሁሉ አልቆብኛልና እነሆ ጻፍኩልሽ።

እናትሽ ታማለች። ሳሉ ሳል ብቻ አልነበረም። እኛው ሆስፒታል ተኝታለች፤ ሐኪሞቹ ያውቋታል፣ ይንከባከቧታል፤ ግን ፊታቸውን ሳየው ጥሩ አያወራም። «ልጄ ሥራዋን ትታ እንዳትሮጥ» ብላ አስምላኝ ነው የዋሸሁሽ። ተቆጪኝ፤ መብትሽ ነው።

መስቀሉን አልሰበርኩትም። ድሮም ሁለት ነው። አንቺ በበሩ አጮልቀሽ ስታዪው መስቀል ይሆንልሽ የነበረው ክንዱ የገባ ቀን ነው፤ ክንዱ የወጣ ቀን የምታዪው የቆመ እንጨት ስለሆነ ልብ አላልሽውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንቺ ገና ሳትወለጂ አያትሽ፣ የእናትሽ እናት፣ እዚያው ሆስፒታል አረፈች። አባትሽ ሁሉን አሰናድቶ እናትሽን ጠራት። እሷ ግን በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። በራሱ ላይ አሻግራ ግድግዳውን አየች። አልገባም አላለችም፤ አልገባችም ብቻ። ወንድሜ ዘወር ብሎ የምታየውን አየ። ሄዶ መጋዝና መሮ አመጣ። እኔ መሰላሉን ያዝኩለት። አያትሽ ከስር ተሸፍና፣ እናትሽ በሩ ላይ ቆማ፣ እሱ የገዛ እጁን ሥራ ሲፈታ ቆየ። ክንዱ በእጁ ሲመጣለት ከበሩ ጀርባ አቆመው። ከዚያ እናትሽ ገባች።

በኋላ ማስገቢያ ቀረጸለት። ክንዱ እንደ መሳቢያ ገባ ወጣ እንዲል፣ ሲንሸራተትም እንዳይጮህ ሰም ቀባው፤ ያዘነ ሰው የእንጨት ጩኸት አይሰማ ብሎ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሚመጣው ቤተሰብ ሁሉ በሩ ላይ አንድ ጥያቄ አለን፤ «ክንዱ ይግባ ወይስ ይውጣ?» ማን ነህ፣ የማን ነህ የለም። ያቺው ብቻ። ይግባ የሚል ይገባለታል፣ ይውጣ የሚል ይወጣለታል። አንዱ ቀልደኛ ሰካራም ወንድሙ ሞቶበት «ግማሹ» አለኝ፤ ግማሹን አስገባሁለት፤ ሲያየው ሳቀና እዚያው ተደፍቶ አለቀሰ። አሁን ገባሽ? ግድግዳው ላይ ክንዱ የደበዘዘው ለዚህ ነው። ግማሽ ዕድሜውን ከበሩ ጀርባ ነበር።

አባትሽ ያረፈ ቀን እናትሽን ጠየቅኳት። «ይግባ» አለች። ከበሩ ጀርባ አንሥታ ያመጣችውም ራሷ ናት።

መመሪያው ከመጣ ወዲህ ምላሴን ማሰር አቃተኝ። ባለፈው አንድ ሽማግሌ ሚስቱን ሊሰናበት መጣ፤ ከአፌ አመለጠኝና ጠየቅኩት። «ይግባ» አለኝ። ግድግዳው ባዶ ነው፤ የሚገባ ነገር የለም። እሱ ግን ያስገባሁለት ይመስል ቀና ብሎ አየ፣ አየና አጎነበሰ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። አብሮት የመጣው ዘመድ ከሰሰኝ፤ ሃይማኖት ጠየቀን ብሎ። አስተዳዳሪው መመሪያውን ገልጦ «በተዘዋዋሪ» የምትለው ላይ ጣቱን አኖረና፣ ከደገምከኝ ቁልፉን እቀበልሃለሁ አለኝ። ቃሏን አውቃታለሁ፤ አንቺ ጽፈሽልኝ ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ለእናትሽም።

አሁን ካልሲ አልጠይቅሽም። እናትሽ እጄን ይዛ የነገረችኝን ልንገርሽ። «የእኔ ተራ ሲሆን ክንዱ ይውጣልኝ፤ ቋሚው ግን ይኑር፤ እሱ የቀረጸው ነው» አለችኝ። እኔ አልችልም፤ አንቺ ግን የሚሰሙሽ ሰዎች ዘንድ ነሽ። ለዚያ ክፍል፣ ለእሷ ብቻ፣ ያ እንጨት እንዲሰቀል ፈቃድ አምጪልኝ።

አጎትሽ

•

የካቲት ፳፮

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጋሼ፣ እንዴት እንደምጀምር አላውቅም፤ ሰላምታውን ልቤ ውስጥ ያንብቡልኝ። ተቆጥቼዎታለሁ። እሷንም ተቆጥቻታለሁ። አሁን ደውዬ ነርሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋላት ነበር፤ ትንፋሿን ሰማሁ እንጂ ቃል አልወጣትም። «እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ስለ በሽታው መሰላት መሰለኝ። እኔ ግን ስለ መሮው ነበር።

እርስዎ ደብዳቤውን የጻፉበትን ያህል እኔም ሳነበው ቆየሁ። ለእሷ ብዬ የጻፍኳት ዐረፍተ ነገር፣ ለእሷ ተብሎ የተጠየቀን ጥያቄ ዘጋች። ይህን ለማን እነግራለሁ? እዚህ ላሉት ብነግር ስብሰባ ይጠሩልኛል።

ለሚኒስቴሩ ግን ደብዳቤዎ በደረሰኝ ዕለት ጻፍኩ። መልሳቸው ፈጠነ፤ ጨዋ ነው፣ ቃሉ ሁሉ የተመረጠ ነው፤ አንዳንዱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። «ክንዱ የወጣ መስቀል ሃይማኖታዊ ምልክት ነው ወይስ እንጨት? የባለሙያ አስተያየትዎን ይስጡን» ይላሉ። እንጨት ነው ካልኩ ይሰቀላል። ጋሼ፣ ይኸው እስክሪብቶ እጄ ላይ ነው፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። እንጨት ነው ብዬ ብፈርም አባዬ ዕድሜውን ሁሉ እንጨት ሰቅሎ የኖረ ይሆንብኛል። ምልክት ነው ብል እማዬ ባዶ ግድግዳ ስር ትተኛለች። አብራኝ የምትሠራው ደግሞ «የእናትሽ ጉዳይ ነውና ከዚህ እጅሽን አውጪ» ትለኛለች። ሕጉም እንደዚያ ነው፤ ሕጉን አውቀዋለሁ።

ፓስፖርቴ እድሳት ላይ ነው፤ በየቀኑ እየሄድኩ እጠይቃለሁ። ሰሞኑን አንድ ክፉ ልማድ መጥቶብኛል። የማንኛውም ክፍል በር ላይ ስደርስ እቆማለሁ። የሆነ ሰው የሆነ ነገር እንዲጠይቀኝ የምጠብቅ ይመስለኛል። ከኋላዬ የሚመጡት ይገፉኝና እገባለሁ።

ትጠብቀኝ በሏት። ጥቂት ቀን ብቻ ትጠብቀኝ።

ልጅዎ

•

መጋቢት ፲፯

ይድረስ ለልጄ፣

መጽናናቱን ይስጥሽ። በስልክ የሰማሽውን ሰምተሻል፤ የቀረውን ልጻፍልሽ። እናትሽ ረፋዱ ላይ፣ ፀሐይ አልጋዋ ላይ ወጥታ ሳለ አረፈች። አልተሠቃየችም። ካልሲሽ እግሯ ላይ ነበር።

ወደ ስንብት ክፍሉ ያወረድኳት እኔ ነኝ። ፈቃዱ አልመጣም ነበር። እንጨቱ ወርክሾፔ ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ አምጥቼ መስቀል አያቅተኝም ነበር። አስተዳዳሪው ግን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ እናትሽ ክፍሉን ስትወለውልለት ነው ፀጉሩ የሸበተው። ዓይኔን እያየ «አደራህን» አለኝ። ልጆች አሉት። እኔም ሕግ አልጣስኩም።

እናትሽን አስተካክዬ አስተኛኋት። ከዚያ እንደ ልማዴ ዝቅ ብዬ በጆሮዋ ጠየቅኳት። መልሷን ቀድማ ሰጥታኛለች። ስለዚህ ሄጄ ግድግዳው ላይ፣ ምልክቱ ላይ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ክንዶቼን ወደ ታች ለቀቅኋቸው።

አስተዳዳሪው «ምን እያደረግህ ነው?» አለኝ።

«ቆሜያለሁ» አልኩት። «መቆም ተከልክሏል?»

መመሪያውን በሐሳቡ ሲያገላብጥ አየሁት። አልተከለከለም። ኮፍያውን አውልቆ ወጣ።

የእናትሽ ዘመዶች አንድ በአንድ ገቡ። ማንም በሩ ላይ አልቆመም፤ ማንም ምን ይሠራል ይኼ ሽማግሌ አላለም። እህቷ ብቻ ቀና ብላ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። እንደዚያ ቆሜ ሳለሁ ከጀርባዬ፣ ከግድግዳው ውስጥ፣ መሮ እንጨት ሲፍቅ ሰማሁ። ቀስ እያለ፣ ሰው እንዳይረበሽ እንደሚሠራ ሰው። ልጄ፣ ይኼ ጆሮ መጋዝ አጠገቡ ሲጮህ የማይሰማ ጆሮ ነው። ያንን ግን ሰማ። አብጄ እንዳይመስልሽ፤ ፈርቼም አልነበረም። እስኪጨርስ ጠበቅኩት።

እሷን ወስደው ሲያበቁ ክንዶቼን ለማንሣት ብል እምቢ አሉኝ። አስተዳዳሪው መጥቶ ነው ደግፎ ያወጣኝ።

የምጠይቅሽ ነገር የለም። ብቻ ብዪ፤ እንቅልፍሽን ተኚ።

አጎትሽ

•

ሚያዝያ ፪

ይድረስ ለውድ አጎቴ፣

ጋሼ፣ ክንዶችዎ እንዴት ሆኑ? ሌላ ሰላምታ የለኝም፤ መጀመሪያ ይህን ይንገሩኝ።

እጄ የታዘዘልኝ ለካ እሷ ባረፈችበት ዕለት ነው። እኔ አላወቅኩም ነበር። «እንጨት ነው» ብዬ ፈርሜ ላክኩ። ትናንት መልሱ መጣ፤ «ክንድ የሌለው ቋሚ እንጨት ምልክት ስላልሆነ ሊሰቀል ይችላል» ይላል። የመጣው ለማን እንደሆነ እንጃ። በዚያው ያቺን የእኔን ዐረፍተ ነገር እንዲያነሡልኝ ለምኜ ነበር። «ጥሩ ዐረፍተ ነገር ናት፤ ሌሎች ተቋማትም እየወሰዷት ነው» ብለው አመሰገኑኝ። ስለዚህ እንጨቱ ይሰቀላል፤ መጠየቁ ክልክል ነው። ሰው በሩ ላይ መጥቶ ይቆማል፣ እርስዎም ቁልፍዎን ይዘው ይቆማሉ፣ ክንዱም ከበሩ ጀርባ ይቆማል። ይህን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ፤ በንጹሕ ልብ።

ይላኩልኝ ያልኩዎትን መስቀል ትቼዋለሁ፤ አይላኩልኝ። ፓስፖርቴ ወጥቷል፤ ይህ ደብዳቤ ሳይቀድመኝ እዚያ ልደርስ እችላለሁ። የሚያለቅስልኝ ሰው ሰብስበው እንዳይጠብቁኝ። እንኳን ደህና መጣሽም አይበሉኝ። ቋሚውን ይስቀሉት፣ ክንዱን ከበሩ ጀርባ ያቁሙት፣ ማንም ሳይኖር ወደዚያ ክፍል ይውሰዱኝ። በሩ ላይ ሲያደርሱኝ ያስቁሙኝና ይጠይቁኝ።

ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ከተሰማም ቁልፉን ይቀበሉዎታል። ግን ጋሼ፣ እኔ የሱም የእሷም ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ምን እንደምመልስ እኔም አላውቅም። እስክመልስ ይጠብቁኛል።

ልጅዎ፣ አፈ ጉባኤዋ